ከፋ ሻርፕ በታች፦ የትራምፔት ፔዳል ቶን አሠራርና አለማመድ

ለቢ ፍላት ትራምፔት የተዘጋጀ ማንኛውንም የጣት ሰንጠረዥ ቢከፍቱ ከታች በኩል ፋ ሻርፕ ላይ ያበቃል። ሦስቱንም ቫልቭ ተጭነው የሚያወጡት ያ ወፍራም ድምፅ የመሣሪያው መጨረሻ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከንፈርዎ ግን ከዚያም ዝቅ ብሎ መንዘር ይችላል፤ ቱቦውም በራሱ መንገድ ይመልስለታል። ከፋ ጀምሮ ወደ ታች የሚወጡት እነዚህ ድምፆች ፔዳል ቶን ይባላሉ።

ስለ እነሱ የሚነገረው እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ መምህር «የላይኛውን ክልል የሚከፍተው እሱ ነው» ብሎ በየቀኑ ያሠራል፤ ሌላው «ከንፈር ያላላል፣ አያያዝ ያበላሻል» ብሎ ይከለክላል። እኔ ሁለቱም ያዩትን እንደሚናገሩ አምናለሁ። ፔዳል ቶን በትክክለኛው የድምፅ ከፍታ፣ ሁልጊዜ በሚነፉበት የከንፈር አያያዝ ሲሠራ ጆሮን፣ ትንፋሽንና የከንፈርን ንዝረት በአንድ ላይ የሚያሠለጥን ግሩም ልምምድ ነው። ከንፈር ተለቅቆ፣ ማውዝፒስ ከቦታው ተንሸራቶ፣ አንድ የሆነ ወፍራም ድምፅ ስለተሰማ ብቻ «አገኘሁት» ከተባለ ግን ባይሠራ ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ኖታዎቹን የምጠራው በትራምፔት ንባብ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ትራምፔቱ ዶ ሲል ፒያኖው ላይ ሲ ፍላት ነው። ከአምስቱ መስመሮች በታች በአንድ አጭር መስመር ላይ የሚጻፈውን ዶ «ታችኛው ዶ»፣ በሦስተኛው ክፍተት ላይ ያለውን «መካከለኛው ዶ»፣ ከታችኛው ዶ አንድ ኦክታቭ ዝቅ የሚለውን ደግሞ «ፔዳል ዶ» እለዋለሁ።

ቱቦው የሚረዳበትና የማይረዳበት ቦታ

ወደ ልምምዱ ለመግባት ቢቸኩሉም ይህን ክፍል አይዝለሉት። ብዙው ስሕተት የሚመጣው ከፔዳል ቶን በስተጀርባ ያለውን ነገር ካለማወቅ ነው።

ትራምፔት ተፈትቶ ቢዘረጋ ርዝመቱ ወደ 1.48 ሜትር ይደርሳል። አንዱን ጫፍ ከንፈር ይዘጋዋል፤ ሌላው ክፍት ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት ቢኖረው ኖሮ የሚደግፈው የመጀመሪያው ድግግሞሽ 58 ኸርዝ አካባቢ ይሆንና ቀጣዮቹ የእሱ ሦስት እጥፍ፣ አምስት እጥፍ፣ ሰባት እጥፍ እያሉ ይሄዱ ነበር። የለመድነው የትራምፔት ጥሪ ከዚህ ዓይነት ቱቦ አይወጣም።

መሣሪያ ሠሪዎች በብዙ መቶ ዓመታት ሙከራ ይህን አስተካክለውታል። እየሰፋ የሚሄደው ቤል ታችኞቹን ድግግሞሾች ወደ ላይ ይገፋል፤ ማውዝፒሱና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጠበብ ያለ ቱቦ ደግሞ ላይኞቹን ወደ ታች ይስባሉ። የማውዝፒሱን ድርሻ በጆሮዎ መስማት ይችላሉ። ከትራምፔቱ አውጥተው ይያዙትና የጽዋውን ጠርዝ በመዳፍዎ ጠፍ ያድርጉት፤ «ፖክ» የሚል አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል። በተለመደው የትራምፔት ማውዝፒስ ይህ ድምፅ 800 ኸርዝ አካባቢ ነው። ጽዋው ጠለቅ ያለ ማውዝፒስ ካለዎት እሱንም ይሞክሩት፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ቤሉና ማውዝፒሱ ተጋግዘው ሥራቸውን ሲጨርሱ ቫልቭ ባልተጫነበት ትራምፔት ላይ ድጋፎቹ በ233፣ በ350፣ በ466 እና በ583 ኸርዝ አካባቢ ይቀመጣሉ። እነዚህ ታችኛው ዶ፣ ሶል፣ መካከለኛው ዶ እና ሚ ናቸው። ቁጥሮቹን ሲያዩዋቸው የ116.5 ሁለት፣ ሦስት፣ አራትና አምስት እጥፍ ናቸው። የፔዳል ዶ ቦታ ራሱ 116.5 ኸርዝ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ቱቦው ምንም ድጋፍ የለውም። ቤሉ ዝቅተኛውን ድጋፍ ከ58 ኸርዝ እየገፋ ቢያመጣውም 80ዎቹ ውስጥ ቀርቷል። ከሌሎቹ ጋር የማይሰለፍ፣ ለዜማ የማይጠቅም ድጋፍ ሆኖ ነው የተቀመጠው።

ታዲያ ፔዳል ዶ እንዴት ይወጣል? አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አርተር ቤናድ በ1976 ባሳተመው የሙዚቃ አኮስቲክስ መጽሐፉ ነገሩን በደንብ አብራርቶታል። ከንፈር በሴኮንድ 116.5 ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ወደ ቱቦው የሚገባው አየር ለስላሳ ሞገድ ሆኖ አይገባም፤ እየተቆረጠ ነው የሚገባው። እንዲህ ያለ የተቆራረጠ ንዝረት በውስጡ 233ን፣ 350ን፣ 466ን ሁሉ ይይዛል። እያንዳንዳቸው ቱቦው ላይ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ከቤሉ ተመልሰው መጥተውም ከንፈሩን በሰዓቱ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ያደርጉታል። መሠረቱ ሳይኖር ልጆቹ ተባብረው ድምፁን ያቆሙታል ማለት ነው። ሰሚውም እንዲሁ ነው፤ ከትራምፔቱ የሚወጣው የ116.5 ኸርዝ ኃይል በጣም ትንሽ ቢሆንም አእምሯችን ከላይ ያሉትን ሰምቶ የጎደለውን ይሞላል።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። ፔዳል ዶን በጣም በቀስታ መጀመር አይቻልም፤ ትንፋሹ ሲያንስ በንዝረቱ ውስጥ ያሉት እጥፎች ይደክማሉ፣ ድጋፉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መካከለኛ በሆነ፣ በማያፍር ድምፅ ይጀመራል። ቀጥሎ፣ የስልክ ቲዩነር በዚህ ክልል ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ አንዴ ትክክለኛውን ያሳያል፣ አንዴ ኦክታቭ ይዘላል፣ አንዴ ዝም ይላል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ በ80ዎቹ ውስጥ ያለው ያ የማይሰለፍ ድጋፍ የላላ ከንፈር ሲያገኝ ወደ ራሱ ይጎትታል። ጀማሪ ሁሉ ፔዳል ዶን ሲሞክር ድምፁ ወደ ታች የሚሸሸው ለዚህ ነው።

ከፋ እስከ ሬ ፍላት ያሉት አምስት ድምፆች ጉዳይ ደግሞ ይለያል። ፔዳል ፋን በአንደኛው ቫልቭ እንይዘዋለን። በዚያ የቱቦ ርዝመት ላይ ለፔዳል ፋ ራሱ ድጋፍ የለም፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ያለው ፋ ግን በአንደኛው ቫልቭ የሚወጣ ሙሉ ድጋፍ ያለው ኖታ ነው። የፔዳል ፋ እጥፍ እዚያ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከየሁለት እጥፉ አንዱ ብቻ ይረዳናል፤ ሌሎቹ ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ሚ፣ ሚ ፍላት፣ ሬ እና ሬ ፍላትም እንደዚሁ ናቸው። እነዚህን አምስቱን የሚያቆማቸው በዋናነት ከንፈርና ጆሮ ነው። ለልምምድ ያላቸው ዋጋም እዚህ ላይ ነው።

ማን ይጀምር፣ መቼ ይጀምር

ከታችኛው ዶ እስከ ፋ ሻርፕ ያሉትን ድምፆች ሳይንቀጠቀጡ ስምንት ምት መያዝ የማይችል ሰው ለፔዳል ቶን አልደረሰም። በዚያ ክልል ላይ ረጅም ድምፅ መያዝን ይለማመድ፤ ጊዜው አይባክንበትም። ከንፈሩ የቆሰለ፣ ያበጠ ወይም ጥርሱን በቅርቡ የታከመ ሰውም ይቆይ።

ከዕለቱ ልምምድ ውስጥ ቦታው ከማሟሟቂያ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ ከንፈርና ቀዝቃዛ ቱቦ ይዘው አይግቡበት። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት ሙቀት ይወስነዋል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ትራምፔቱ በሦስት ሴንት ያህል ዝቅ ይላል፤ መቶ ሴንት ግማሽ ቶን ነው። በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ከሣጥኑ የወጣ ትራምፔት ከኪቦርድ ጋር አልስማማም ቢል ጥፋቱ የከንፈርዎ ላይሆን ይችላል። ለጥቂት ደቂቃ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይንፉበት።

ድምፅ ማፈኛ ሚዩት አይጠቀሙ። የቤሉን አፍ ሲደፍኑት ታችኛው ክልል ይዛባል፤ እርስዎ የሚለማመዱትም ሌላ መሣሪያ ይሆናል። ጎረቤት የሚቸገር ከሆነ ሰዓት ይምረጡ።

1. ድምፁን ከመንፋትዎ በፊት ይስሙት

ኪቦርድ ወይም ፒያኖ አጠገብ ይቀመጡ። ለፔዳል ፋ ሚ ፍላትን፣ ለፔዳል ዶ ሲ ፍላትን ይጫኑ፤ ከፒያኖው መሐል ዶ በታች ባለው ኦክታቭ ውስጥ ፔዳል ፋ ወደ 156፣ ፔዳል ዶ ደግሞ ከእሱም ትንሽ ወረድ ብሎ በ116.5 ኸርዝ ላይ ናቸው። ኪቦርድ ከሌለ በስልክ የሚጫወቱትን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ፤ የስልኩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በደንብ አያወጣም።

ከዚያ ያዜሙት። የወንድ ድምፅ እዚያው ይደርሳል፤ የሴት ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ያዜም። ሳያዜሙ የሚነፉት ፔዳል ቶን ግምት ነው። በላይኛው ክልል ቱቦው ይይዝዎታል፤ ትንሽ ቢስቱ እንኳ ወደ ኖታው ይመልስዎታል። እዚህ ግን የሚመልስዎት ጆሮዎ ብቻ ነው። ይህን እርምጃ በየቀኑ፣ ሁልጊዜ ያድርጉት፤ ከሳምንት በኋላ «ለምጄዋለሁ» ብለው አይተዉት።

2. ድምፅን በከንፈር ማውረድ

ይህን የመሰለ መግቢያ የለም። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ለረጅም ዘመን ያስተማረው ጄምስ ስታምፕ ዝናው የተመሠረተው ከዚህ ጋር በተያያዘ የማሟሟቂያ ሥርዓት ላይ ነው፤ ተማሪዎቹን በፒያኖ እያጀበ ያሠራቸው ነበር።

ያለ ቫልቭ ሶልን በሁለተኛው መስመር ላይ ይንፉ። ቫልቭ ሳይጫኑ ድምፁን በግማሽ ቶን ወደ ፋ ሻርፕ ያውርዱና ወደ ሶል ይመለሱ። ቱቦው ይቃወምዎታል፤ ተቃውሞውን ይስሙት። መንጋጋዎን ወደ ታች አይጣሉ፣ የአፍዎን ጥጎች አይልቀቁ። ለውጡ የሚደረገው በማውዝፒሱ ውስጥ ባለው የከንፈር ክፍልና በምላስ አቀማመጥ ነው፤ ምላስዎ «ኢ» ከሚሉበት ወደ «ኦ» ከሚሉበት ቦታ ዝቅ ይላል።

በታችኛው ዶ ላይም ያንኑ ያድርጉ፤ ወደ ሲ ያውርዱት፣ ይመልሱት። ቀጥሎ ሦስቱንም ቫልቭ ተጭነው ከመጨረሻው ፋ ሻርፕ ወደ ፋ ይውረዱ። ይህች ግማሽ ቶን የመጀመሪያዋ ፔዳል ቶንዎ ናት። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ይነፋነፋል፣ ይሰነጠቃል፤ አይደንግጡ። ከኪቦርዱ ጋር እስኪገጥም ድረስ እየተመላለሱ ይሥሩበት። ሁለትና ሦስት ሳምንት እዚህ እርምጃ ላይ ቢቆዩ ቀርፋፋ ነኝ አይበሉ።

3. ከፋ እስከ ሬ ፍላት

አሁን ጣትዎን ይቀይሩ። በመጀመሪያው ክፍተት ላይ ያለውን ፋ በአንደኛው ቫልቭ ይንፉ፤ ጣትዎን ሳያነሱ አንድ ኦክታቭ ወርደው ፔዳል ፋን ይያዙ። ከላይ ያለው ፋ የታችኛው ድጋፍ ስለሆነ ጆሮዎም ከንፈርዎም መንገዱን ቶሎ ያገኙታል። ከያዙት በኋላ አራት ምት ይቆዩና በዚያው ትንፋሽ ወደ ላይኛው ይመለሱ።

የቀሩት ጣቶች አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ካለው ኖታ ጋር አንድ ናቸው፦ ሚ በአንደኛና ሁለተኛ፣ ሚ ፍላት በሁለተኛና ሦስተኛ፣ ሬ በአንደኛና ሦስተኛ፣ ሬ ፍላት በሦስቱም። አንደኛውንና ሦስተኛውን ቫልቭ በአንድ ላይ ሲጠቀሙ የሦስተኛውን የማስተካከያ ቱቦ መሳብ እንዳይረሱ።

ከፋ ወደ ሬ ፍላት በግማሽ ቶን ሲወርዱ ድምፁ እየሰፋ መሄድ አለበት እንጂ እየላላ አይደለም። እዚህ ላይ ድምፅዎን ይቅረጹና ያዳምጡ። ጥሩ ፔዳል ቶን ዝቅ ያለ ቢሆንም ጠርዝ አለው፤ ውስጡ ያሉት እጥፎች ይሰማሉ። መጥፎው ዝግ ብሎ እንደሚሠራ የናፍጣ ሞተር ይንተከተካል፤ እያንዳንዱ የከንፈር ምት ለየብቻው ይሰማል፣ ከፍታውም የቱ እንደሆነ አይለይም። መጥፎውን እየደጋገሙ ወደ ጥሩው አይደርሱም። ቆም ይበሉ፣ ወደ ፋ ይመለሱ፣ እንደገና ያዚሙ።

4. ፔዳል ዶ

ከሬ ፍላት ወደ ዶ የሚደረገው ግማሽ ቶን ከሁሉ ይከብዳል። ሦስቱም ቫልቭ ተለቅቀው ቱቦው በአንድ ጊዜ ያጥራል፤ በዚያ ላይ ከታች የሚጎትተው ድጋፍ አለ። ስለዚህ ዶን ከሬ ፍላት በኩል ሳይሆን ከላይ ይቅረቡት። ያለ ቫልቭ መካከለኛውን ዶ፣ ሶልን፣ ታችኛውን ዶ በአንድ ትንፋሽ ወርደው ቀጥለው ፔዳል ዶን ይያዙ። እነዚህ ሦስቱ ኖታዎች ፔዳል ዶን የሚያቆሙት እጥፎች ራሳቸው ናቸው፤ ከጆሮዎ ሳይጠፉ ነው የሚደርሱት።

ትንፋሹ በፔዳል ዶ ላይ ይበዛል፤ ከታችኛው ዶ ይልቅ ብዙ አየር በቶሎ ያልቃል። በረጅሙ ተንፍሰው ይጀምሩ። አየሩ ብዙ ይሁን እንጂ አይገፋ፤ ጉንጭ ከተነፋ ግፊቱ በዝቷል። ማውዝፒሱን ወደ ከንፈር መጫንም አይረዳም፤ ከንፈሩ በዚህ ክልል ሰፋ ብሎ መንዘር ስላለበት ቦታ ይፈልጋል።

ድምፁ ከኪቦርዱ በታች ሆኖ ከቀረ ከንፈርዎን ወደ መሐል ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉና ታችኛውን ዶ እያሰቡ ይንፉ። ብዙ ሰው ሲያቅተው ይበልጥ ያላላል፤ መድኃኒቱ ግን ተቃራኒው ነው። አንዴ በትክክለኛው ቦታ ላይ ሲያርፍ ያውቁታል፦ ድምፁ ድንገት ይደምቃል፣ ትራምፔቱ በእጅዎ ውስጥ ይነዝራል፣ መልፋቱም ይቀንሳል። ቱቦው በእጥፎቹ በኩል መልስ መስጠት ጀመረ ማለት ነው።

በምላስ መጀመርን አይቸኩሉ። አስቀድሞ በትንፋሽ ብቻ «ሆ» ብለው ያስነሱት፤ ያ ሳይሰናከል ሲሆን በምላስ ይጀምሩት።

5. መመለሻው

ሙሉው ልምምድ የሚፈተነው እዚህ ነው። ፔዳል ዶን አራት ምት ይያዙና ማውዝፒሱን ከከንፈርዎ ሳያነሱ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ ወደ ታችኛው ዶ፣ ወደ ሶል፣ ወደ መካከለኛው ዶ ይውጡ። ከወጡ፣ ያቺ መካከለኛ ዶም እንደሁልጊዜው ጥርት ካለች፣ የከንፈር አያያዝዎ አልተቀየረም። ከፔዳሉ ወደ ላይ ለመውጣት ከንፈርዎን እንደገና ማሰናዳት ካስፈለገዎት ግን ወደ ታች የወረዱት በሌላ አፍ ነው። የዚያ ዓይነት ፔዳል ቶን ለላይኛው ክልልዎ ምንም አያበረክትም።

መስታወት ፊት ይቁሙ። የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ ማውዝፒሱ ከንፈር ላይ ያረፈበት ቦታ፣ የአፍ ጥጎችና አገጭ። አንድ ወጣት የማርሽ ባንድ ነፊ ፔዳል ፋ ላይ ሲደርስ ትራምፔቱ ሁልጊዜ ወደ አገጩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲወርድ አይቻለሁ። እሱ አልተሰማውም ነበር። በላይኛው ከንፈሩ ላይ ከማውዝፒሱ ጠርዝ በላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርገንለት በመስታወት ሲያይ ገባው፤ ፔዳሉን ለጥቂት ጊዜ ትቶ ድምፅ በከንፈር ወደ ማውረዱ ልምምድ ተመለሰ። ምልክቱ ቀላል ዘዴ ነው፤ እርስዎም ይሞክሩት።

ምን ያህል፣ እስከ መቼ

ለጀማሪ በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ለለመደ ሰው አሥር። የነፉትን ያህል ይረፉ። ከንፈር መደንዘዝ ወይም ማበጥ ከጀመረ የዕለቱ ፔዳል አብቅቷል። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። ኮንሰርት ወይም ሰልፍ ባለበት ቀን አዲስ ነገር አይሞክሩ፤ ፔዳል ቶን ከንፈርን ለአጭር ጊዜ ልል የሚያደርግበት ሰው አለና ለራስዎ እንዴት እንደሚሆን አስቀድመው ማወቅ ይኖርብዎታል።

በአደባባይ ለሰዓታት ቆመው ለሚነፉ የማርሽ ባንድ ሰዎች ግን ፔዳል ቶንን ከሥራው በኋላ እመክራለሁ። ከረጅም ሰልፍ በኋላ ከንፈር ጠንክሮና ተጭኖ ይቀራል። ከፋ እስከ ዶ ያሉትን ድምፆች በመካከለኛ ድምፅ፣ እያረፉ፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል መንፋት ንዝረቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያዋ ሶል ስትወጣ ልዩነቱን ያዩታል።

ከላይኛው ክልል ጋር ያለውን ግንኙነት በተመለከተ ሐሳቤን ልናገር። በሎስ አንጀለስ ያስተማረው ሉዊስ ማጂዮ ከንፈርን ወደፊት ሰብስቦ መያዝን ከፔዳል ቶን ጋር አዋሕዶ ብዙ ተማሪ አፍርቷል። የኸርበርት ክላርክ ተማሪ የነበረው ክሎድ ጎርደንም በ1965 ባሳተመው የዕለታዊ ልምምድ መጽሐፉ ፔዳል ቶንን የሥርዓቱ ምሰሶ አድርጎታል። በሁለቱም መንገድ የሠሩ ሰዎች ከፍ ያሉ ድምፆችን በቀላሉ አውጥተዋል። ነገር ግን ሁለቱም ፔዳልን ብቻውን አላሠሩም፤ ከትንፋሽ ሥራ፣ ከከንፈር ስላር፣ ከምላስና ከጣት ልምምድ ጋር በየቀኑ ነው። ፔዳሉን ነጥሎ ወስዶ «ከአንድ ወር በኋላ ላይኛውን ዶ አወጣለሁ» ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። ፔዳል ቶን በቀጥታ የሚያሻሽለው የመሐልና የታችኛው ክልል ድምፅዎን ስፋት ነው፤ ያንን መጀመሪያ ይመኙ።

ከዶ በታች፣ ከትራምፔትም ውጭ

ፔዳል ዶ ከጸና በኋላ ሲን በሁለተኛው፣ ሲ ፍላትን በአንደኛው፣ ላን በአንደኛና ሁለተኛ ቫልቭ እያሉ እስከ ፋ ሻርፕ ድረስ መውረድ ይቻላል። እነዚህ ከአምስቱ የመካከል ድምፆች ይልቅ ከፔዳል ዶ ጋር ይመሳሰላሉ፤ እያንዳንዳቸው በያዙት የቱቦ ርዝመት ላይ ሁሉም እጥፎቻቸው ይደገፋሉ። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው ሬ ላይ ተቸግሮ ላ ላይ የሚቀለው።

ፍሉገልሆርን ማግኘት ከቻሉ ፔዳል ዶን በእሱም ይሞክሩት። ቱቦው ከትራምፔት ይልቅ ከመጀመሪያው እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ ድምፁ በቀላሉ ይገኛል፤ ጆሮዎ ምን መፈለግ እንዳለበት ከዚያ ይማራል። ትሮምቦን ላይማ ፔዳል ቶን የተለመደ የመሣሪያው ክፍል ነው፤ ቤርሊዮዝ በ1837 በጻፈው ሬኩዊየም ውስጥ የትሮምቦኖችን ፔዳል ከታች፣ ዋሽንቶችን እጅግ ከላይ አድርጎ መሐሉን ባዶ ትቶታል። የትሮምቦን ጓደኛ ካለዎት የመጀመሪያ ቦታ ፔዳሉን እንዲነፋልዎት ይጠይቁት፤ ከእርስዎ ፔዳል ዶ አንድ ኦክታቭ በታች ያለ ሲ ፍላት ነው። እሱ ሲይዝ እርስዎ ከላይ ፔዳል ዶን ያስገቡ፤ ትክክል ከሆኑ ሁለቱ ድምፆች ይዋሐዳሉ፣ ትንሽ ከሳቱ በመሐላቸው ዋው ዋው የሚል ምት ይሰማል። ምቱ እስኪጠፋ ከንፈርዎን ያስተካክሉ።